መኪናና እግረኛ ከጭነት መኪና ስር እንዳይገቡ፦ የኋላና የጎን መከላከያ ብረት አሠራር መመሪያ

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር በሚወስደው መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድ፣ ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱን በሰው እርምጃ ፍጥነት እየወጣ ሳለ ከኋላው የሚመጣው ትንሽ መኪና የሚያየው ዘግይቶ ነው። የጭነት መኪናው ካሶኒ (ጭነት የሚጫንበት ክፍል) የኋላ ጫፍ ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የቤት መኪና ግጭትን እንዲቀበል የተሠራው የፊት ብረት ግን በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሹ መኪና ሲገባ ሞተሩና ፓራውልቱ ምንም ሳይነኩ ከስር ያልፋሉ፣ ካሶኒውን መጀመሪያ የሚያገኘውም የፊት መስታወቱና ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጡት ሰዎች ይሆናሉ። የደህንነት ቀበቶም ሆነ የአየር ከረጢት እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ ሁለቱም የተሠሩት የመኪናው አፍንጫ ተጨፍልቆ ኃይሉን እንዲበላ ታስቦ ነውና። በጎን በኩል ደግሞ ጋሪ፣ ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅና እግረኛ ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ይወድቃሉ፣ የኋላው ጎማም ይደርስባቸዋል።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት በአካባቢያችን ጋራዦች ለሚሠሩ በያጆች፣ ለባለ መኪናዎችና ለአሽከርካሪዎች ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር አንድ መኪና ወደምሠራበት ግቢ ተጎትቶ መጣ። ጎማው ተንፍሶ በመንገድ ዳር ቆሞ ሳለ ትንሽ መኪና ከኋላ ገብቶበት ነበር። የኋላው መከላከያ ብረት ካሶኒው ላይ ተጭኖ አየሁት፤ አልታጠፈም፣ ጭረት እንኳ የለበትም ማለት ይቻላል። የተሰበረው ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ የተያዘበት ብየዳ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከብየዳው ስር የድሮው አረንጓዴ ቀለም ሳይቃጠል ቁጭ ብሏል። ይህም ማለት ብየዳው ቀለም ላይ ተለጠፈ እንጂ ብረት ከብረት ጋር ፈጽሞ አልተዋሐደም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መከላከያ ብረት ሲታይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ አግዳሚው ሳይሆን ወደ ማሰሪያው ነው፤ ይህ መመሪያም ብዙ ቦታ የሰጠው ለማሰሪያው ነው።

ከዚህ በታች የሰፈሩት ልኬቶች መሠረታቸው የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ናቸው፤ ቁጥር 58 የኋላውን፣ ቁጥር 73 የጎኑን መከላከያ ይመለከታል። ልኬቱን ጠብቆ በጋራዥ የተሠራ ብረት በቤተ ሙከራ ተፈትኖ ማረጋገጫ ካገኘው ጋር እኩል ነው ማለቴ አይደለም። አዲስ ተሳቢ የሚገዛ ሰው በእነዚህ ደንቦች የጸደቀ መከላከያ ያለው መሆኑን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ። መንገድ ላይ ያሉት ብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ግን ወይ ምንም የላቸውም፣ ወይ ለምርመራ ቀን ብቻ የተንጠለጠለ ቀጭን ብረት ነው ያላቸው፤ መመሪያው ለእነሱ ነው።

አንደኛ፦ ባዶ መኪናን መለካት

መኪናውን ባዶውን፣ ጎማው በትክክል ተነፍቶ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ ያቁሙት። ጭነት ላይ እያለ የተለካ ልኬት ያሳስታል፤ ባልስትራው (መኪናውን የተሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ተጭኖ ብረቱን ዝቅ ስለሚያደርገው መኪናው ባዶውን ሲመለስ መከላከያው ከሚፈለገው በላይ ከፍ ይላል። ከዚያ አራት ነገር ይመዝግቡ፦ ከመሬት እስከ ሻንሲው ታችኛ ገጽ ያለውን ከፍታ፣ የኋላ ጎማዎችን ከውጭ እስከ ውጭ ያለውን ስፋት፣ በሻንሲው ሁለት ዋና ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት፣ እንዲሁም ከፊተኛው ጎማ ጀርባ እስከ ኋለኛው ጎማ ፊት ያለውን ክፍት ቦታ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመኪናውን ሊብሬ ይዞ የአካባቢውን የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይገባል፤ የመኪናው ርዝመት ወይም ባዶ ክብደት ከተለወጠ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ላይ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርምና።

ሁለተኛ፦ የኋላውን አግዳሚ መሥራት

የአግዳሚው ታችኛ ጠርዝ ባልስትራ ባለው ከባድ መኪና ላይ ከመሬት ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን የለበትም፤ በአየር ስፕሪንግ ለሚሄደው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። የቀድሞው ደንብ 55 ይፈቅድ ነበር፤ ያ ልኬት ግን ዝቅ ያለ የቤት መኪናን ለማስቆም ጠባብ ዕድል ነው የሚሰጠው፣ እኔም ለማንም አልመክረውም። የአግዳሚው ቁመት ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ ከኋላ ጎማዎቹ የውጭ ስፋት ሳይበልጥ በእያንዳንዱ ጎን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳያጥር መሆን አለበት። ከካሶኒው የኋላ ጫፍ ጋር በተቻለ መጠን ይቀራረብ። በግጭት ተገፍቶ ወደ ውስጥ ሲገባ እንኳ ከጫፉ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከራቀ የገባው መኪና መስታወት ካሶኒው ላይ ሊደርስ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚመጣው ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለመብየድም ይቀላል፣ ግን ለበርና ለመስኮት እንጂ ለዚህ አይሆንም። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ የቆመ መኪና ቢመታ ይዞት የሚመጣው ጉልበት ወደ 116 ኪሎ ጁል ነው። አፍንጫው እየተጨፈለቀ በ60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም በአማካይ ወደ 193 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ19 ቶን በላይ ክብደት በመከላከያው ላይ ያርፋል። አዲሱ የቁጥር 58 ደንብ ከባድ መኪናን የሚፈትነው አግዳሚውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዙት ሁለት ክንዶች አካባቢ 180 ኪሎ ኒውተን፣ በመሃሉና በጫፎቹ 100 ኪሎ ኒውተን በመግፋት መሆኑ ከዚህ ሒሳብ ጋር ሲተያይ ትርጉም ይሰጣል። ስለዚህ 120 በ120 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ከ5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ቱቦላሬ ይጠቀሙ። ሁለቱን ጫፎቹን በላሜራ ይድፈኑ፤ የተከፈተ ጫፍ ውኃና ጭቃ ይዞ ከውስጥ ይዝጋል፣ እግረኛንም እንደ ቢላ ይቆርጣል።

ሦስተኛ፦ ክንዱና ማሰሪያው

አግዳሚው ከሻንሲው በታች 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ይንጠለጠላል። ከኋላ ሲመታ ይህ ርዝመት እንደ ዲጂኖ እጀታ ሆኖ ማሰሪያውን ይፈነቅላል፤ ኃይሉ አንድ ክንድ ላይ 10 ቶን ቢያርፍ ከላይ ያሉት ቡሎኖች የሚጋፈጡት መፈንቀል ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለው ክብደት እጅግ ይበልጣል። መድኃኒቱ ክንዱን ማወፈር ብቻ አይደለም። ከክንዱ ታችኛ ጫፍ ተነሥቶ ወደ መኪናው ፊት እየወጣ በ45 ዲግሪ ገደማ ሻንሲው ላይ የሚያርፍ ሰያፍ ደጋፊ መጨመር ነው። ያን ጊዜ ግፊቱ በደጋፊው ርዝመት ወደ ሻንሲው ይተላለፋል፣ ማሰሪያውም አይፈነቀልም። ክንዱን ከ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ደጋፊውን ከ80 በ80 ቱቦላሬ መሥራት ይቻላል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚረሳ አንድ ጉዳይ አለ። የሻንሲው ስፋት በአብዛኛው ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አግዳሚው ግን ወደ 2 ሜትር ከ40 ይጠጋል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን 75 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ብረት ምንም ሳይደገፍ ወደ ውጭ ይወጣል። ጉም ውስጥ ድንገት የደረሰ አሽከርካሪ ደግሞ መሪውን ወደ ጎን ስለሚጠመዝዝ የሚመታው መሃሉን ሳይሆን ያንኑ ጫፍ ነው። በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም በተደረጉ ሙከራዎችም የቤት መኪናው የፊት ስፋት 30 በመቶው ብቻ ሲያርፍባቸው፣ መሃላቸውን ሲመቱ የጸኑ ብዙ መከላከያዎች ጫፋቸው ታጥፎ መኪናውን አስገብተዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጫፍ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚነሣ ሁለተኛ ሰያፍ ደጋፊ ወደፊትና ወደ ውስጥ ተዘርግቶ ሻንሲው ላይ ይታሰር። ባልስትራው ሲወርድ ወይም ጎማው ሲዘል እንዳይነካው ከመታሰሩ በፊት መኪናውን በክሪክ አንሥቶና አውርዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሻንሲው ጋር በቡሎን ይታሰር እንጂ አይበየድ። የከባድ መኪና ሻንሲ ጠንካራ ብረት ነው፣ የብየዳ ሙቀት ሲነካው በዚያው ቦታ ይደክማል፣ ስንጥቁም ከዓመት በኋላ ጭነት ላይ ሳለ ይወጣል። ቀዳዳ በትራፓኖ የሚበሳው በሻንሲው ቋሚ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ክንፍ በምንም ምክንያት አይበሳም፣ ጭነቱን የተሸከሙት እነሱ ናቸውና። ፋብሪካው የተዋቸው ቀዳዳዎች ካሉ ከሁሉ የሚሻለው እነሱን መጠቀም ነው። በእያንዳንዱ ጎን ለክንዱ ቢያንስ አራት፣ ለየደጋፊው ሁለት ሁለት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቡሎን ያስፈልጋል፣ ራሱ ላይ የጥንካሬ ደረጃውን የሚያሳይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት መሆን አለበት። ቁጥር የሌለው ቡሎን ከገበያ ርካሽ ቢገኝም ለዚህ አይሆንም። ሮንዴላና የማይፈታ ዳዶ ገብቶለት 8.8ቱ በ200 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠበቃል፤ መኪናው 500 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላም እንደገና ይጠበቃል።

ክንዱን ከአግዳሚው ጋር ማያያዝ ግን በብየዳ ነው። ቀለሙና ዝገቱ በግራይንደር ተፍቆ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ አንድም ነጥብ አይበየድ። ኤሌክትሮዱ ቁጥር 7018 ቢሆን ይመረጣል፣ ግን እርጥበት ይጠላል፤ በክረምት ተከፍቶ የቆየውን ሳያደርቁ መጠቀም ውስጡ ቀዳዳ ያለው ብየዳ ያመጣል። ብየዳው በነጥብ በነጥብ ሳይሆን በሁሉም ጠርዝ ዙሪያውን የተያያዘ ይሁን። ምንጊዜም ከመኪናው ተለይቶ ከተበየደ በኋላ ወደ ሻንሲው ቢወሰድ ይሻላል፤ መኪናው ላይ እንዳለ መብየድ ግድ ከሆነ አስቀድሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ፣ የብየዳው መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያያዝ፣ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ቅርብ ከሆነም ይነሣ።

አራተኛ፦ ገልባጭ መኪናና የገጠር መንገድ

ከአስፋልት ወርደው ወደ ገጠር ከተሞች በኮረኮንች የሚገቡ ባለ መኪናዎች ብረቱ ድንጋይ ይጎትታል ብለው ቆርጠው ይጥሉታል ወይም 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሰቅሉታል። ችግራቸው እውነተኛ ነው፣ መፍትሔው ግን ማንሣት የሚቻል መከላከያ መሥራት ነው። ክንዱ ከላይ በወፍራም ፒን ይታጠፋል፣ ሥራ ላይ ሲሆን በሁለተኛ ፒን ይቆለፋል፤ ፒኑ እንዳይጠፋ በሰንሰለት ይታሰራል። ደንቡ አንድ ሰው በ40 ኪሎ ገደማ ጉልበት ሊያንቀሳቅሰው የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል፣ ይህም ረዳቱ ብቻውን እንዲያወርደው ያስችላል። ሲወርድ ኃይሉን የሚቀበለው ፒኑ ብቻ እንዳይሆን ክንዱ ሰያፍ ደጋፊው ላይ ተደግፎ እንዲቆም ማረፊያ ላሜራ ይደረግለት። አስፋልት ላይ ሲወጣ መውረዱን ማረጋገጥ የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው፣ ፒኑም ቢጫ ቢቀባ ከሩቅ ስለሚታይ ይረዳል።

አምስተኛ፦ የጎን መከላከያ

በከተማችን የገበያ ቀን አህያ፣ በግ፣ ጋሪና እንጨት የተሸከመች እናት ከጭነት መኪናው ጎን እየተጋፉ ይሄዳሉ። የጎን መከላከያ የሚሠራው ለእነሱ ነው። እንደ ኋላው አሥር ቶን እንዲሸከም አይጠበቅም፤ የተደናቀፈውን ሰው ወይም የተንሸራተተውን ሞተር ሳይክል ከጎማው ፊት ገፍቶ ወደ ውጭ እንዲያስቀር ነው።

የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ55 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፤ የላይኛው ከካሶኒው ስር ከ35 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራቅ። አግዳሚዎቹ እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑራቸው፣ በመካከላቸውም ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት አይኑር። ከፊተኛው ጎማ ጀርባም ከኋለኛው ጎማ ፊትም የሚቀረው ክፍተት ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ይሁን። የውጭ ገጹ ከመኪናው የጎን መስመር ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ወደ ኋላ ጎማው ሲጠጋ ግን በመጨረሻው 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ከኋላ ጎማው የውጭ ጠርዝ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም፣ የወደቀው ሰው የሚንሸራተተው ወደዚያ ነውና። የፊት ጫፉ ቋሚ ብረት ይደረግለት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህልም ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ አለዚያ የልብስ ጠርዝ ወይም የጋሪ ጫፍ ይይዛል። የቡሎን ራስ ወደ ውጭ አይውጣ፣ ሹል ጠርዝ ሁሉ ይሞረድ።

ሰልባትዮው፣ የስኮርታ ጎማው፣ የባትሪው ሳጥንና የመሣሪያ ሳጥኑ በጽኑ የታሰሩና ልኬቱን የጠበቁ ከሆኑ የመከላከያው አካል ሊሆኑ ይችላሉ፣ ብረትም ይቆጥባሉ። የፍሬን የአየር ቱቦ ግን መከላከያው ላይ አይታሰር፤ ብረቱ ሲታጠፍ ቱቦው ይቆረጣል።

ጥንካሬውን እዚያው ግቢ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ደንቡ 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ነገር በ1 ኪሎ ኒውተን ይገፋል፣ ይህም የአንድ ኩንታል ክብደት ያህል ነው። ስለዚህ በዚያው ልክ የተቆረጠ ክብ ወፍራም ጣውላ በአግዳሚው የውጭ ገጽ ላይ ያድርጉ፣ ከጣውላው የተነሣ ገመድ በሻንሲው ስር ወደ ማዶ ይለፍ፣ ማዶ ባለው ምሰሶ ላይ በአግዳሚው ቁመት በታሰረ መዘውር ዞሮ ጫፉ ላይ አንድ ኩንታል ስንዴ ይንጠልጠል። ጎማዎቹ አስቀድመው በድንጋይ ይታገዱ። ኩንታሉ ተንጠልጥሎ ሳለ አግዳሚው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ይለካል፦ በመጨረሻው 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር፣ በቀረው ርዝመት ከ15 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ቋሚ ደጋፊ ይጨመር። ይህን ፈተና ለባለ መኪናው ፊት ለፊት ማሳየትን እመርጣለሁ፤ በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ላሜራ ውፍረት አይከራከርም።

ስድስተኛ፦ የፊቱ

የፊት መከላከያ የፋብሪካ ሥራ ነው፣ በጋራዥ አይሞከር። ለጌጥ ከፓራውልቱ ፊት የሚበየደው ወፍራም የብረት ቱቦ ግን ይነሣ፤ እግረኛን የሚያገኘው ደረቱና ጭንቅላቱ ላይ ነው።

ሰባተኛ፦ እንዲታይ ማድረግ

መከላከያው ሳይመታ ቢቀር ይሻላል፤ ስለዚህ ብርሃን የሚመልስ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴፕ በኋላው አግዳሚ ሙሉ ርዝመት ቀይ፣ በጎኑ ቢጫ ወይም ነጭ ይለጠፍ። ብረቱ መጀመሪያ በቤንዚን ይጠረግ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይለጠፍ፤ በውርጭ ጠዋት የተለጠፈ ቴፕ አይያዝምና ፀሐይ እስኪሞቅ ይጠበቅ። ከክረምት ጭቃ በኋላ ቴፑ ካልታጠበ ምንም አይመልስም፤ ጣርማበር ከመውጣት በፊት እርጥብ ጨርቅ ይዞ መውረድ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በብልሽት ሲቆም ከኋላ ቅጠልና ድንጋይ መደርደር ልማድ ሆኗል፣ ቅጠል ግን በጉም አይታይም፣ ድንጋዩም ተረስቶ ሲቀር ሌላ አደጋ ነው። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን በካቢኔው ውስጥ ይቀመጥ፣ ራቅ ብሎም ይተከል።

ስምንተኛ፦ ክትትል

በየሳምንቱ በመዶሻ ቀላል አድርጎ እየመቱ መስማት ጠቃሚ ነው፤ የላላ ቡሎን ድምፁ ደረቅ ሆኖ ይንቀጫቀጫል፣ የጠበቀው ይጮኻል። በብየዳው ዳር ቀይ የዝገት መስመር ከታየ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ አለና ቀለሙ ይፋቅና ይታይ። ረዳቱ አግዳሚውን እንደ መሰላል እየረገጠ ወደ ካሶኒ እንዳይወጣ፣ ጀሪካንና አሮጌ ጎማም እንዳይንጠለጠልበት ይነገረው፤ ለመውጫ የተለየ እርከን ይሠራለት።

አንድ ጊዜ ተመትቶ የታጠፈ መከላከያ በእሳት ተሞቆ፣ በመዶሻ ተቃንቶ መልሶ አይሰቀልም። ቀና ቢመስልም ብረቱ የነበረውን ጉልበት አውጥቶ ጨርሷል፣ ቡሎኖቹም ተስበዋል። አግዳሚውም፣ ክንዱም፣ ቡሎኖቹም በአዲስ ይለወጡ፤ የቡሎኖቹ ቀዳዳ ሰፍቶ ወይም ሞላላ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሻንሲው ራሱ መታየት ስላለበት መኪናው ጭነት ሳይጭን ይቁም።